ዋስ የጠራ እንግዳ

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የባርሴሎና ነዋሪዎች ሰልፍ ወጥተው፣ በየካፌው በረንዳ ምሳ የሚበሉ ቱሪስቶችን በፕላስቲክ የውኃ ሽጉጥ ረጯቸው። የቤት ኪራይ ጣሪያ የነካው በእናንተ ነው፣ ሰፈራችን የእኛ መሆኑ የቀረው በእናንተ ነው የሚል ነበር ቁጣቸው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ቬኒስ፣ ጠዋት ገብተው ማታ የሚወጡ ጎብኚዎችን በተመረጡ ቀናት 5 ዩሮ ማስከፈል ጀምራለች። በዚያው ዓመት ላሊበላ ውስጥ ደግሞ ባለሆቴሎች አልጋ አንጥፈው የሚተኛበት ሰው አጥተው ነበር። አንዱ ከተማ እንግዳ በዛብኝ ይላል፤ ሌላው እንግዳ ጠፋብኝ ብሎ ጦሙን ያድራል።

በእነዚህ ሁለት ዓይነት ከተሞች መሀል ቆሞ የሚፎክር ሰው አለ። ጀርባው ላይ ትልቅ ቦርሳ አዝሏል፤ ጫማው አቧራ ለብሷል፤ ማስታወሻ ደብተር ከእጁ አይለይም። “እኔ ቱሪስት አይደለሁም፤ ተጓዥ ነኝ” ይላል። ቱሪስት የሚባለው በእርሱ ዘንድ ሌላው ሰው ነው፤ በአውቶቡስ ተጭኖ የሚመጣው፣ ባንዲራ የያዘ አስጎብኚ ተከትሎ የሚሰለፈው፣ ፎቶውን አንሥቶ የሚሄደው። እርሱ ግን ከሕዝቡ ጋር ይበላል፣ በሚኒባስ ይሳፈራል፣ መንገድ ሲጠፋበት ደስ ይለዋል። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠችው፣ እህል አስፈጭታ የምትመለሰው ሴት መንገድ ቢጠፋባት ደስ እንደማይላት ግን ልብ አይልም። ፉከራው አሁን አሁን እኛም ጋ ገብቷል። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ ወይም ወደ ወንጪ ሐይቅ ከሚወጡት የሃይኪንግ ቡድኖች መሀል፣ መዝናኛ ቦታ ገብቶ ፎቶ የሚነሣውን ዘመዱን በንቀት የሚያይ አይጠፋም። እርሱም ፎቶ ይነሣል፤ ገደል አፋፍ ላይ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ፉከራው የቱሪዝም የዕድሜ እኩያ ነው። ቶማስ ኩክ የተባለ እንግሊዛዊ አናጺና የባፕቲስት ሰባኪ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 5 ቀን 1841፣ 500 ያህል ሰዎችን ከሌስተር ወደ ሎፍቦሮ በባቡር ይዞ ሄደ። ሰዎቹ መጠጥ ይቅር የሚሉ የንቅናቄ አባላት ናቸው፤ የሚሄዱት ለስብሰባ ነው፤ ዋጋው በነፍስ ወከፍ አንድ ሽልንግ ነው። ዛሬ “ፓኬጅ” የምንለው ነገር ከዚህ ሃይማኖት ሃይማኖት ከሚሸት ጉዞ ተነሣ። ኩክ በ1860ዎቹ ደንበኞቹን ወደ ስዊዘርላንድና ወደ ጣሊያን፣ በ1869 ደግሞ ወደ ግብፅና ወደ ኢየሩሳሌም አደረሰ። ጣሊያን ውስጥ የእንግሊዝ ቆንስላ የነበረው አየርላንዳዊ ደራሲ ቻርልስ ሌቨር እነዚህን ጎብኚዎች ሲያይ ደሙ ፈላ። ከብት ይመስል በመንጋ ይነዳሉ ብሎ ጻፈባቸው። አልበቃውም፤ አውስትራሊያ ወንጀለኞችን አልቀበልም ስላለች የእንግሊዝ መንግሥት ወደ ጣሊያን እየላካቸው ነው የሚል ወሬም አናፈሰ። ቀልድ ነበር፤ ያመኑት ግን አልጠፉም።

የሌቨር ቅሬታ ስለ አካሄድ ይመስላል እንጂ ስለ አካሄድ አይደለም። ለዘመናት ሮምንና ፍሎረንስን ማየት የባላባት ልጅ ድርሻ ነበር። አሁን የሱቅ ሠራተኛና ደመወዟን ያጠራቀመች መምህርት በአንድ ሆቴል ከእርሱ ጋር ቁርስ ሊበሉ ነው። የባላባቱ ልጅም አስጎብኚ ይቀጥር ነበር፣ እርሱም የታዘዘለትን ሐውልት አይቶ ይመለስ ነበር። ከእነዚህ የሚለየው በገንዘብና በጊዜ ነው፤ ገንዘቡንና ጊዜውን ግን የነፍስ ጥልቀት አስመሰለው። መቶ ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ዳንኤል ቡርስቲን ያንኑ ቅሬታ በተሻለ ትምህርት አቀረበው። የድሮው መንገደኛ ደክሞ ያገኛል፣ የዛሬው ቱሪስት ተቀምጦ እንዲቀርብለት ይጠብቃል፤ ሆቴሉም የትም አገር አንድ ዓይነት ሆኗል አለ። እውነት አለው። ነገር ግን ማን በቅን ልብ እንደ መጣና ማን በዓይን አምሮት ብቻ እንደ መጣ መለየት የእኛ ሥራ አይደለም፤ ልብና ኩላሊት የሚመረምር ሌላ አለ።

የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ቆጣሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ይመስለኛል ልብ አይመረምሩም። ከመኖሪያው ወጥቶ ሌላ አገር ቢያንስ አንድ ሌሊት ያደረ፣ ከአንድ ዓመት በታች የቆየና እዚያ ተቀጥሮ ያልሠራ ሰው ሁሉ በእነርሱ መዝገብ ቱሪስት ነው። በዚህ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ1950 በመላው ዓለም 25 ሚሊዮን የነበረው ድንበር ተሻጋሪ ቱሪስት በ2024 ወደ 1.4 ቢሊዮን ደርሷል። ለአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ መጥቶ ከሆቴልና ከስብሰባ አዳራሽ በቀር አንዳች ሳያይ የሚመለሰው ዲፕሎማትም በዚሁ ውስጥ ተቆጥሯል። በበቅሎ የመጣውም እንዲሁ።

እኔ ጥያቄውን ከእንግዳው ነጥቀን ለባለቤቱ ብንሰጠው እላለሁ። በገጠራችን ጀምበር የጠለቀችበት ሰው ከአጥር ውጭ ቆሞ፣ “ቤቶች! የመሸበት እንግዳ አሳድሩ!” ብሎ ይጣራል። መጀመሪያ ውሻው ሊያዝለት ይገባል። ከዚያ ባለቤቱ ከወዴት እንደ መጣ፣ የማን ወገን እንደሆነ ይጠይቀዋል። ቢገባ እግሩን ይታጠባል፤ ቤቱ የሚበላውን ይበላል፤ ቤቱ ካልበላ እርሱም አይበላም። መደብ ላይ ቢያሳድሩት መደብ ላይ፣ ከበጎች ጋር ቢሉት ከበጎች ጋር ያድራል። የዚያን ሌሊት ነፍሱና ስንቁ ያሉት በባለቤቱ እጅ ነው። ቱሪስቱ ግን ደጃፉ ላይ የሚቆመው ዋስ ጠርቶ ነው። ባንኩ፣ አስጎብኚ ድርጅቱ፣ ኢንሹራንሱ፣ ኤምባሲው ከኋላው ቆመዋል። ባለቤቱ ቢወደውም ባይወደውም አልጋው ተከፍሎበታል፤ ቢታመም የሚያነሣው አለ፤ የሚመለስበት ቀን ታትሞ ኪሱ ውስጥ ተቀምጧል። ልዩነቱ ይኸው ነው ባይ ነኝ፤ አንዱ ራሱን ለባለቤቱ ፈቃድ አሳልፎ ይሰጣል፣ ሌላው ከባለቤቱ ፈቃድ ነፃ የሚያወጣውን ዋስትና ገዝቶ ይመጣል። ማን የተሻለ ሰው ነው የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

ዋስ የሌለው መንገደኛ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ከፔሮ ዳ ኮቪልያ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ይህ ፖርቱጋላዊ እ.ኤ.አ. በ1487 በንጉሡ በዮሐንስ 2ኛ ተልኮ የቅመም ንግድን መንገድና “የቄሱ ዮሐንስ” አገር የሚባለውን ሊሰልል ወጣ። ዐረብኛ ይናገራል፤ ነጋዴ መስሎ ሕንድ ድረስ ሄዷል። በ1490ዎቹ በዐፄ እስክንድር ዘመን ኢትዮጵያ ሲገባ ንጉሡ በክብር ተቀበሉት፤ መልካም መልስ ይዘው ሊሸኙትም ቃል ገብተውለት ነበር። ሳይሸኙት ሞቱ። ከእርሳቸው ቀጥለው የነገሡት የመውጫ ፈቃድ ከለከሉት። ርስት ሰጡት፣ ሚስት አጋቡት፣ ልጆች ወለደ፤ አልጎደለበትም፣ ግን መሄድ አልቻለም። በ1520 በሮድሪጎ ዴ ሊማ የሚመራው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ሲመጣ ሽማግሌ ሆኖ ጠበቃቸው፤ የአገሩን ሰዎች ሲያይ አለቀሰ። ከአገሩ ከወጣ 33 ዓመቱ ነበር። ተመልሶ አላየውም።

ከዚያ ቡድን ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ቢሆን እንደ ዛሬ ጎብኚ ለአሥራ አምስት ቀን አልነበረም አመጣጡ። የሚመልሳቸው መርከብ እየቀረ እያመለጣቸው ስድስት ዓመት ቆየ፤ እስከ 1526። ቢቸኩል ኖሮ ያን መጽሐፍ አይጽፈውም ነበር። ላሊበላን አይቶ በዝርዝር ለአውሮፓ የጻፈው እርሱ ነው። ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ከጻፈ በኋላ፣ ከዚህ በላይ ብቀጥል የሚያምነኝ የለም ብሎ ስለ ሰጋ ብዕሩን ይሰበስባል፤ ያየሁት እውነት ነው ብሎም በእግዚአብሔር ስም ይምላል። አማኝ ማጣቱን የሚፈራ ጎብኚ ዛሬ የለም፤ ፎቶው አለለት።

ጀምስ ብሩስ ደግሞ የመንገደኛውና የቱሪስቱ ድብልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ አንድ እርምጃ መራመድ የማይችል መንገደኛ ነበር። ቁስቋም ቤተ መንግሥት ውስጥ በፈንጣጣ የታመሙትን አክሞ በእቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ሞገስ አገኘ፤ ከራስ ሚካኤል ስሑል ጋር ተወዳጀ፤ የዓባይ ምንጭ የሚገኝባት ግሽ ራሷ በንጉሡ ተሰጠችው። በኅዳር ወር ግሽ ሲደርስ ያሳየው ባሕርይ ግን ዛሬ በየቱሪስት መዳረሻው የምናየው ነው። የአገሩ ሰዎች ምንጩን ያከብሩታልና ጫማህን አውልቅ አሉት። አውልቆ ቁልቁል ሲሮጥ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ ደርሶም በኮኮናት ቅርፊት ውኃ ቀድቶ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ 3ኛ ጤና ጠጣ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እዚያው ቦታ ቆሞ እንደነበር ግን ሊቀበል አልፈለገም። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ ማለት ከሁሉ በላይ ደስ ይለው ነበር። ምንጩን በየቀኑ የሚያዩት የግሽ ሰዎች ለእርሱ ከቁጥር አልገቡም።

ወደ እኛ ዘመን የሚጠጋው ምሳሌ የዴርቭላ መርፊ ነው። ይህች አየርላንዳዊት ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ ምፅዋ ወርዳ፣ መቀሌ ላይ ጆክ ያለችውን በቅሎ ይዛ፣ በትግራይ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በጣናና በላሊበላ በኩል አዲስ አበባ ገባች። በየጎጆው አደረች፤ ቁንጫውንም ጠላውንም ከባለቤቶቹ እኩል ተካፈለች። አንድ ቦታ ላይ ሽፍቶች ዘረፏት፤ እንግደላት አንግደላት ብለው ሲከራከሩ ቁጭ ብላ ጠበቀች። በ1968 የወጣውን መጽሐፏን ያነበበ ሰው ስለ ገበሬው ቤት ብዙ ይማራል። ሲነገር ጀብዱ ነው። ደጁን የከፈተው ገበሬ ግን ለዚያች የማትታወቅ ሴት ሲል የማታውን እንጀራ አካፍሏል፤ ብትዘረፍበት ወይም ብትሞትበት ለአጥቢያው ዳኛ መልስ ሰጪው እርሱ ነበር። የመንገደኛው ነፃነት የሚባለው ነገር ወጪ አለው፤ ወጪው የሚወርደውም ባለቤቱ ላይ ነው።

በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የመርፊን ተቃራኒ የሚያስብ ሰው ነበር። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ፈረንጁ በበቅሎ እንዲመጣ አልፈለጉም። በአውሮፕላን እንዲመጣ፣ አልጋ እንዲያገኝ፣ ዝናብ እንዳይፈራ ፈለጉ። “የ13 ወር ጸጋ” የሚለው መፈክራቸው ዓለም ላይ የተሸጠው የፀሐይ ዋስትና ሆኖ ነው፤ ክረምቱን ረስተውት አይደለም። በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በላሊበላና በአክሱም የሚያልፈው ታሪካዊ የሚባለው መሥመርም በበቅሎ ሳምንታት የሚፈጀውን በሰዓታት ጨረሰው። መፈክሩ እ.ኤ.አ. በ2016 “ምድረ ቀደምት” በሚለው ተተካ። አዲሱ ክፉ አይደለም፤ ዋስትና ግን አይሰጥም።

ዋስትናው እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ የታየው የቶማስ ኩክ ኩባንያ ራሱ እ.ኤ.አ. መስከረም 2019 ሲከስር ነው። 600 ሺህ ያህል ደንበኞች በየአገሩ ሳሉ አየር መንገዱ ሥራ አቆመ። የእንግሊዝ መንግሥት አውሮፕላን ተከራይቶ ወደ 150 ሺህ የሚሆኑ ዜጎቹን ወደ ቤታቸው መለሰ፤ እስከዚያ ድረስ በሰላም ጊዜ እንዲህ ያለ ብዛት ያለው ሰው መልሶ አያውቅም ነበር። ድርጅቱ ሞቶ እንኳ ቱሪስቱ አልተጣለም። በዚያ ማግሥት፣ ሰኔ 2020፣ ቤይሩት ውስጥ ምን እንደተደረገ ደግሞ እኛ እናስታውሳለን። የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ደመወዛቸውን ያልከፈሏቸውን ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ሻንጣቸውን አስይዘው ከቆንስላው ደጅ አስፋልት ላይ አራገፏቸው። ብዙዎቹ ፓስፖርታቸው እጃቸው ላይ አልነበረም። የመመለሻ ቀን የታተመበት ወረቀት አልነበራቸውም፤ የሚመጣላቸው አውሮፕላን አልነበረም። የኮቪልያ ታሪክ አላበቃም፤ ሰዎቹ ብቻ ተለውጠዋል። ከእነዚህ ሴቶች የበለጠ የማያውቁት ሰው ቤት የገባ፣ የማያውቁትን ቋንቋ የተማረ፣ በማያውቁት ሰው ፈቃድ ያደረ መንገደኛ ካለ እስቲ ይምጣ። ቦርሳ አዛዩ ሰውዬ የሚመኘውን ነገር ሁሉ ያለምኞታቸው ጠጥተውታል።

ከዚህ አንጻር “ተጓዥ ነኝ” የሚለው ፉከራ የጠንካራ ፓስፖርት ፉከራ ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ፓሪስን ለማየት የሸንገን ቪዛ ሲያመለክት፣ ያስያዘውን ሆቴል፣ የደርሶ መልስ በረራውን፣ የባንክ ስቴትመንቱን፣ ከመሥሪያ ቤቱ የተጻፈ ደብዳቤ፣ እንዲሁም ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስ ያቀርባል። “ወደ መራኝ እሄዳለሁ፣ በመሸብኝ አድራለሁ” ቢል መልሱ የታወቀ ነው፤ ቪዛው ሲያልቅ የመመለስ ሐሳቡ አጠራጣሪ ነው ተብሎ በቅጹ ላይ ምልክት ይደረግበታል። አየርላንዳዊቷ ምፅዋ ወርዳ በቅሎ ፍለጋ ስትሄድ የትኛው ሆቴል እንደምታርፍ አሥር ሰነድ የጠየቃት አልነበረም። ኢትዮጵያዊው ግን ከቦሌ ሳይነሣ በፊት የቱሪስትነትን ፈተና በሙሉ ማርክ ማለፍ አለበት።

በአገራችን ሁለቱ እንግዶች ጎን ለጎን የሚታዩት በላሊበላ ገና ነው። ታኅሣሥ 29 ሊቃረብ ከላስታ፣ ከዋግ፣ ከራያ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም በእግሩ የሚመጣው ሕዝብ መንገዱን ያጥለቀልቀዋል። ዱላ፣ ጋቢ፣ በፌስታል የተቋጠረ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዟል፤ የነቢያት ጾም ስለሆነ ስንቁ የጾም ነው። ብዙው ባዶ እግሩን ነው። ከተማው መግቢያ ላይ ወጣቶች በሳፋ ለብ ያለ ውኃ ይዘው ይጠብቁታል። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ አንድ ልጅ ይንበረከክና እግሩን በሳሙና ያጥብለታል፤ በተረከዙ ንቃቃት ውስጥ የገባውን አፈር በጣቱ እየፈለገ ያወጣዋል፤ አድርቆ እግሩን ይስመዋል። ሽማግሌው ይመርቃል። ሒሳብ የለም፤ ተሳላሚው ምርቃት ከፍሏል፣ አጣቢውም በረከት ተቀብሏል፣ ሁለቱም አልተጎዱም። ሌሊቱን ሜዳ ላይ፣ ላስቲክ ዘርግቶ፣ ዓለት ተንተርሶ ያድራል። በነጋው በቤተ ማርያም ቅጥር፣ ካህናቱ ከላይ ማሜ ጋራ ላይና ከታች ተሰልፈው ቤዛ ኩሉ ሲወርቡ እርሱ የቆመው ሊያይ አይደለም።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው ተሳላሚ ሌላ ነው። ከገና ሁለት ወር ቀደም ብሎ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር ላይ ባነር ይሰቀላል፤ መንፈሳዊ ጉዞ ወደ ላሊበላ፣ ትራንስፖርት፣ ምግብና መኝታን ጨምሮ፤ ከሥሩ የስልክ ቁጥሮች። አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ይነሣል። አስተባባሪው በድምፅ ማጉያ ስም ይጠራል፣ ይቆጥራል፣ አንድ ሰው ጎደለ ይላል፤ የጎደለችው ሴት ጸበል የምትቀዳበትን ጀሪካን ልትገዛ ሄዳ ነው። መዝሙሩ እስከ ደሴ አይቋረጥም። የራሳቸው ወጥ ሠሪ፣ የራሳቸው ድንኳን፣ አንዳንዴም የራሳቸው ቲሸርት አላቸው። ኩክ ቢያያቸው ዓይኑን አያምንም ነበር፤ ሌስተር ላይ የጀመረው ነገር በነጠላ ተሸፍኖ መጥቶበታል። ዋስ የጠሩ ናቸውና በእኔ መለኪያ ቱሪስቶች ሊባሉ ነው። ይሁንና ልኩ እዚህ ላይ ይጠብበኛል። የመጡት ሊሳለሙ ነው፤ እናታቸው በእግሯ ተጉዛ የተሳለችውን ስለት አውቶቡስ ተሳፍረው ሊያደርሱ የመጡ አሉ። ሳፋ ይዘው የሚጠብቁት ልጆችም ማን በእግሩ፣ ማን በአውቶቡስ መጣ ብለው አይጠይቁም።

ሦስተኛው እንግዳ ፈረንጁ ነው። ለዓመታት ለአብያተ ክርስቲያናቱ መግቢያ 50 ዶላር ሲከፍል ቆይቷል፤ አስጎብኚው መድረኩን ፊት ለፊት የሚያይበት ቦታ ይዞለታል። ካሜራ ካህን አፍንጫ ሥር ሲደቀን አልወድም። እውነቱን ለመናገር ግን ዛሬ ስልኩን የሚደቅነው ከፈረንጁ ይልቅ የእኛው ልጅ ነው። ደግሞ ፈረንጁ ለዚያች ከተማ የሚያደርገውን እግረኛው ተሳላሚ አያደርግላትም። የላሊበላ ጫማ ጠባቂዎችን ያየ ይህ ይገባዋል። አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ በጫማ አይገባም፤ ቱሪስቱ በየደጁ ሲያወልቅ ጠባቂው ጫማውን ተቀብሎ፣ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ተሸክሞ፣ ሲወጣ አቅንቶ ያስቀምጥለታል። በዚህ ጉርሻ ቤት የሚተዳደር ሰው አለ። ባዶ እግሩን የመጣው ተሳላሚ የሚያስጠብቀው ጫማ የለውም። ቦርሳ አዛዩ ተጓዥም ቢሆን ብዙ አይፈይድም፤ ጫማውን ራሱ ይሸከማል፣ የአልጋውን ዋጋ ይከራከራል፣ ርካሽ ማግኘቱን እንደ ሙያ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የላሊበላ ሰው በጸሎቱ ቱሪስት ስጠኝ ቢል እንጂ ተጓዥ ስጠኝ ቢል አይጠቅመውም።

ዋስትናው ግን ባለቤቱንም ይለውጠዋል። በደቡብ ኦሞ ከጂንካ በማለዳ ወደ ሙርሲዎች የሚሄዱት መኪናዎች ፎቶ አንሥተው በቶሎ ይመለሳሉ፤ ክፍያው በፎቶ ነው። ስለ ሙርሲዎች ለአሥርት ዓመታት ያጠናው እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን፣ እነርሱ ስለ ጎብኚዎቹ ምን እንደሚያስቡ ጽፏል፤ መጥቶ፣ ሳይጫወት፣ ሳይጠይቅ፣ ምስል ወስዶ የሚሄድ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ብለው ይገረማሉ። እነርሱም ለካሜራው ሲሉ በሌላ ቀን የማያደርጉትን ጌጥ ያደርጋሉ፤ ብር የሚያመጣው እርሱ ነውና። በሆቴል አዳራሽ ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ ፈንዲሻ ይዛ፣ ማንም ሦስተኛውን ስኒ የማይጠብቅበትን ቡና የምታፈላው ልጅም የእነርሱ እኅት ናት። አልነቅፋትም፤ ደመወዝ ነው።

የዚህ ሁሉ ነገር መጨረሻ በዋሱ እጅ ነው። ላሊበላ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2021 በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብታ እስከዚያው ዓመት መጨረሻ ተዋጊዎቹ ወገኖች ተፈራርቀውባታል፤ ከነሐሴ 2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት አለ። ለንደን ወይም በርሊን ያለ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወደ አካባቢው አትሂዱ የሚል ማሳሰቢያ ሲያወጣ፣ የጉዞ ኢንሹራንሱ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ ያጣል። ኢንሹራንስ ከሌለ አስጎብኚ ድርጅቱ ቡድን አይልክም፤ ቡድን ካልመጣ ሆቴሉ ሠራተኛ ይቀንሳል፤ ጫማ ጠባቂው ቀን ሥራ ይፈልጋል። ቱሪስቱ ራሱ ልሂድ አልሂድ ብሎ የወሰነበት ቦታ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የለም፤ የላሊበላ ሰው እንግዳ መቀበሉና ደግነቱም ቦታ የላቸውም። እግረኛው ግን የማንንም ማሳሰቢያ አያነብም። ጦር መጣ ሲሉት በሌላ ገመገም ዞሮ፣ ኬላ ላይ ተፈትሾ፣ ቁጥሩ ቢመነምንም መጥቷል። እግሩን ያጥቡታል፣ ይመርቃል፣ ሜዳው ላይ ያድራል፤ በነጋው በሶውን በጥብጦ ወደ መጣበት ይመለሳል። የሆቴል ብድር የሚከፈለው ግን በእርሱ ምርቃት አይደለምና፣ ባለሆቴሉ የሚጠብቀው ያኛውን፣ ዋስ የጠራውን ነው።